ደም ያስቀረው ጋብቻ

በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ሃክኒ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው አንዲት አይሁዳዊት እናት አሉ። ሰሞኑን ለልጅ ልጃቸው የታሰበው ጋብቻ ቀረ። ልጅቷና ልጁ ገና አልተያዩም። እነሱ ዘንድ አስቀድሞ ደም ይመረመራል፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት የዘር በሽታ ተሸክመው ከተገኙ፣ የሚወለደው ልጅ እንዳይታመም ነገሩ እዚያው ይቀራል። እኔ ግን ንድድ አለኝ።

«ሳይተያዩ? ደም ነው እንዴ የሚያጋባው?» አልኳቸው።

«እናንተስ ዝም ብላችሁ ነው የምትጋቡት?»

«ኧረ በጭራሽ! እስከ ሰባት ቤት ቆጥረን፣ ዘመድ ከሆኑ እንከለክላለን» አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

ሳቁብኝ። ያልኩት ለራሴም ገባኝ፤ እኛም የምንቆጥረው ደም ነው። ከዚያ፣ አቧራውን በጠረግኩ ቁጥር የልጅ ልጃቸው ይመስለኝ የነበረውን የሕፃን ፎቶ አነሱ።

«የመጀመሪያ ልጄ ነው፤ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ሞተ። ያኔ ለኔ የሚቆጥርልኝ አልነበረም» አሉኝ።