«ለሙከራ ነው» ብዬ የወሰድኩት ድምፅ

ክቡራትና ክቡራን፣ አለቃዬ ሌሊሴ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ሥራ አቋርጣችሁ፣ ወንበር ከጎረቤት ቢሮ ተውሳችሁ፣ ኬክ አስጋግራችሁ እኔን ለመሸኘት ስለተሰበሰባችሁ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ኬኩን አይቼዋለሁ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እዚህ ማስታወቂያ ቤት ደንበኛ ሳያርመው ያለፈ የመጀመሪያው ጽሑፍ እሱ ላይ ያለው ስሜ ነው።

እዚህ ስመጣ ከሬዲዮ የመጣሁ ሽማግሌ ነበርኩ። ድምፅ የሚያቀናብርልን አብርሽ በመጀመሪያው ቀን «ጋሼ፣ ሦስት ሰከንድ አለዎት፤ ከዚያ ሰው ያልፍዎታል» አለኝ። ሦስት ሰከንድ! እኔ ባደግሁበት ቤት ለሰላምታ እንኳ አይበቃም።

ቅድም ሌሊሴ ስታስተዋውቀኝ «‹ገባሽ የኔ እናት›ን የጻፈው ሰው» አለች። ሁላችሁም አጨበጨባችሁ። ያዘጋጀሁት የምስጋና ንግግር ያኔ ኪሴ ውስጥ ቀረ፤ መጨረሻ ላይ ልናገር ያሰብኩትን አስቀደምኩ።

ማስታወቂያዋን ታስታውሳላችሁ። ለታክሲ መጥሪያ መተግበሪያ ነበር የሠራናት። እናት ለልጇ ትደውልና «ገባሽ የኔ እናት? ሳትገቢ እንቅልፍ አይወስደኝም» ትላለች። አለቀ። ሬዲዮው ተቀበላት፣ ወጣቱ የስልኩ ጥሪ አደረጋት፣ እኛም ተሸለምን። በድረ ገጻችን የዜና ገጽ ላይ ዜናውን የጻፍኩት እኔው ነኝ፦ «ጽሑፍ፣ ሚሊዮን ተክለማርያም። ድምፅ፣ ከአሥራ ሁለት ተወዳዳሪዎች መካከል የተመረጠች ባለሙያ።»

አሥራ ሁለት ተወዳዳሪ አልነበረም። ድምፁ የእትዬ ሰርኬ ነው።

እንግዶች ስላላችሁ ልንገራችሁ። እትዬ ሰርኬ ይህ ቢሮ ከተከፈተ ጀምሮ የሚያጸዱልን፣ ሻይ የሚያፈሉልን እናታችን ናቸው። ያው፣ እዚያ በሩ አጠገብ የተቀመጡት።

ያን ቀን አብርሽ ምሳ ወጥቶ እኔ መቅጃው ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። «ውድ ልጄ፣ በሰላም ወደ ቤትሽ ደርሰሻልን?» ብዬ ጽፌ፣ አልጥም ብሎኝ ተክዣለሁ። እሳቸው ብርጭቆ ሊያነሱ ገቡ። መቅጃውን ከፍቼ «እትዬ ሰርኬ፣ እስቲ ይቺን ይበሉልኝ፤ ለሙከራ ነው» አልኳቸው። ሲሰሙት ሳቁ። «አቶ ሚሊዮን፣ እናት እንዲህ ትላለች? ደብዳቤ ነው እንዴ የምትጽፍላት?» አሉና በራሳቸው አባባል አሉት። አገር የሰማው እሱን ነው። አንዲት ቃል የኔ የለችበትም።

ደንበኛው ወዶት «ማን ናት?» ሲለኝ እውነቱን መናገር አቃተኝ። ደመወዝ የሚከፈለኝ ለመጻፍ ነው፤ የጻፍኩትን የጽዳት ሠራተኛችን አረሙልኝ ማለት አሳፈረኝ። ነገሩ ይሄው ነው። አብርሽ ሲያቀናብረው «ጋሼ፣ ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ» አለኝ። «ሥራህን ሥራ» አልኩት። አብርሽ፣ አንተንም ይቅርታ።

እስካሁን የነገርኳችሁ ግን ቀላሉን ነው።

አንድ ቀን እትዬ ሰርኬ ከዘነበወርቅ ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር በታክሲ ሲሄዱ ማስታወቂያው በሬዲዮ መጣ። «እንዴ! ይሄ እኮ እኔ ነኝ!» አሉ። ረዳቱ «እኔም ዜና አንባቢው ነኝ እማማ፣ ሒሳብ» አላቸው። ታክሲው በሙሉ ሳቀባቸው።

በማግሥቱ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመው ይህን አጫወቱኝና «እውነት የኔ አይደለም?» ብለው ጠየቁኝ። ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነው። እኔ ምን አልኩ? «አይ እትዬ ሰርኬ፣ የእርስዎማ ያን ዕለት ጠፍቷል። እሷ ተዋናይ ናት፤ የእናት ድምፅ ይመሳሰላል።»

«እኔም እኮ ብያለሁ፣ ይሄን የመሰለ ድምፅ ከየት አመጣሁት» አሉና መወልወያቸውን ይዘው ሄዱ።

ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ዛሬም እንግዳ ሲመጣ «ድምፅዋ ቁርጥ እኔን የሆነች ተዋናይ አለች» እያሉ ያወራሉ። ስሜ የተጻፈበትን ዋንጫ በየጠዋቱ ከአቧራ የሚጠርጉት እሳቸው ናቸው። እኔም ቁጭ ብዬ «እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ። እንዴት አፌ እሺ አለኝ?

እትዬ ሰርኬ፣ አይነሱ፣ እባክዎ። የሳቁብዎት በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታዬም በሰው ፊት ይሁን ብዬ ነው። ድምፁ የእርስዎ ነው። ቃሉም የእርስዎ ነው። ዓይንዎን እያየሁ ዋሽቼዎታለሁ። ይቅር ቢሉኝ ሸክሜ ይቀልልኛል፤ ባይሉኝም አልፈርድብዎትም።

ሌሊሴ፣ አስቀድሜ አልነገርኩሽምና ብትቆጪኝ ይገባኛል። የመጨረሻ ዜናዬን ጽፌ በድረ ገጻችን ኃላፊ በሶፊ ኮምፒውተር ላይ ትቼዋለሁ። ርዕሱ የእትዬ ሰርኬ ሙሉ ስም ነው። ታዲያ ሶፊ፣ እሳቸው ሳይፈቅዱ እንዳይወጣ አደራ። አንዴ ሳላስፈቅድ አውጥቻለሁ፤ ይበቃል። ዋንጫውንም ዛሬ ይዤው አልሄድም።

ምርቃት የታላቅ ነው፤ የዚህ ቤት ታላቅ ደግሞ እኔ አይደለሁም። ቢሆንም ተሸኚ ባዶ አፉን አይወጣምና ልሞክር። እጃችሁ የነካው ይቅናችሁ። የሠራችሁት በስማችሁ ይጠራላችሁ። ያጠፋችሁትን የምትናገሩበት አፍ እንደኔ ሳይዘገይባችሁ ይስጣችሁ። አምሽታችሁ ስትገቡ «ገባችሁ ወይ?» የሚል ሰው አያሳጣችሁ። ይቺን እንኳ ከእሳቸው ተውሼ ነው።

እትዬ ሰርኬ፣ ዛሬ ወደ ቤትዎ ሲሄዱ ማስታወቂያው ታክሲ ውስጥ ከመጣ፣ ጮክ ብለው «እኔ ነኝ» ይበሉ። ረዳቱ ከሳቀ ይደውሉልኝና ስልኩን ለሱ ይስጡት። እኔ እነግረዋለሁ።