የማንዱ ትሪ

ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ አረፍ በሉ። የምነግራችሁ የራሴን ጥፋት ነው፤ ሳወራው ዛሬም ፊቴን ያቃጥለኛል።

እዚህ በካሜሩኗ ፉምባን ከተማ፣ በነሐስ አቅላጮች ሰፈር፣ አርባ ዓመት ነሐስ አፍስሻለሁ። አያቴ በእኛው በባሙም ሕዝብ ፊደል የጻፈው አንድ ወረቀት ቀርቶልኝ ነበር። ማንበቡን አላውቅም ነበር፤ ግን የላይኛዋ መስመር ስለምታምር በሰም እየቀረጽሁ በትሪ ጠርዝ ዙሪያ አዞራት ነበር። ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ነሐሱ ቦታውን ይይዛል። ገዢውም «ያያቶቻችን ፊደል» ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል።

አንድ አርብ ከመስጊድ ስመለስ የወንድሜን ልጅ ረኪያቱን መንገድ ላይ አገኘኋት። ፊደሉን ተምራ የምታስተምር ልጅ ናት። ሰላም ብላኝ አንገቷን ደፋች።

«አባባ፣ ለጓደኛዬ ለማንዱ ሰርግ ትሪ የሠሩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኛ። ምነው፣ ተሰነጠቀ?»

«ደህና ነው። ትናንት ባሏ ቤት ተጋብዘን ግድግዳው ላይ አየሁትና፣ ሳላስብ ጮክ ብዬ አነበብኩት።»

«እና ምን ይላል?»

«ይቅርብዎ አባባ።»

«ተናገሪ። ነሐስ አቅላጭ እሳት አይፈራም።»

«‹ለማታረግዝ ባዝራ ፈረስ መድኃኒት› ይላል።»

ማንዱ ካገባች ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። ልጅ አልወለደችም።

ሰው ሲያፍር መጀመሪያ የሚያደርገው መቆጣት ነው፤ እኔም ተቆጣሁ። «ጌጥ ነው እኮ! ማን ያነበዋል? ፊደል ገንፎ አያገነፋ። አንቺስ አፍሽን ብትይዢ ምን ነበረበት?»

«እሱን ራሴን ስጠይቅ ነው ያደርሁት» አለች። «አማቷ ‹ሠሪው ቀድሞ አውቆልናል› ብላ ሳቀች። ማንዱ ትሪውን አውርዳ ጓዳ ገባች፤ እስክንሄድ አልወጣችም። እንዲህ ያለ ትሪ ስንት ሸጠዋል?»

«እኔ እንጃ። የከተማው ሆቴል በር ላይም ሰቅለውታል።»

«ታዲያ እንግዳው ባዝራውን እየሳበ ነው የሚገባው?»

ልስቅ ስል ማንዱ ትዝ አለችኝና ተውሁት። ረኪያቱ ቀጠለች፦

«አባባ፣ ይህን ሐረግ ጎረቤትዎም ቀድቶ በግማሽ ዋጋ ይሸጠዋል፤ ሁለታችሁም ትጎዳላችሁ። የገዢዋ ስም የተጻፈበትን ትሪ ግን ከባለስሟ በቀር ማን ይፈልገዋል? ዱዋላ ከተማ ያለች ልብስ ሰፊ በቀሚሱ ጫፍ የለባሿን ስም በፊደላችን ትጠልፋለች፤ ሴቶቹ ተራ ይጠብቁላታል። ጨርቅ አታሚው፣ የሱቅ ስም ጻፊው፣ ሁሉም የሚያነብ ሰው ፍለጋ እኔ ጋ ይመጣሉ። የሚያምረው መልኩ ብቻ አይደለም፤ ቃሉ ነው ዋጋው።»

«በስልሳ ስምንት ዓመቴ ፊደል ልቁጠር?»

«ሰሙን ያውቁታል። የቀረዎት ወርቁ ነው።»

በማግስቱ ማንዱ ደጃፍ ቆምሁ።

«ልጄ፣ በድዬሻለሁ። አላወቅሁም ብል እውነት ነው፤ ግን መጠየቅ እችል ነበር።»

ገብታ ትሪውን ከጓዳ አምጥታ ሰጠችኝ።

«ምን ልጻፍልሽ?»

«ስሜን። ሌላ ምንም እንዳይጨምሩ።»

ስሟን ለመጻፍ አሥራ አንድ ቀን ረኪያቱ ፊት ተቀመጥሁ። ያንኑ ትሪ አቅልጬ አዲሱን አፈሰስሁ። ማንዱ ጣቷን በጠርዙ አዞረችና «ይቺኛዋ ፊደል ዘምማለች» አለች።

«ገና ተማሪ ነኝ።»

«ትሁን። ለእኔ ተብላ የተጻፈች ናት» ብላ ያው ምስማር ላይ ሰቀለችው።

ከዚያ ወዲህ ሰው ስሙን፣ የእናቱን ምርቃት፣ የልጁን ልደት ይዞ ይመጣል። በእጥፍ ይከፍላል፤ ጎረቤቴም ሥራዬን መቅዳት ትቶ ከጎኔ ሆኖ ፊደል ይቆጥራል። ረኪያቱ ያስተማረቻቸው ሴቶች ለጨርቅ አታሚዎች ቃል እያስተካከሉ ቤታቸውን ይደጉማሉ። ወረቀት ሆኖ ሣጥን ውስጥ የተኛው ፊደል እንጀራ ሆነ።

የሆቴሉን ለምኜ አስወርጃለሁ። የቀሩት የት እንደገቡ አላውቅም፤ በየሙሽራዋ ግድግዳ ላይ ናቸው። እንግዲህ ልጆቼ፣ እናንተ ፊደሉን ማንበብ ታውቃላችሁ። በሄዳችሁበት ያቺን መስመር ካያችሁ ጮክ ብላችሁ አታንብቧት። ለባለቤቲቱ ቀስ ብላችሁ፣ ሽማግሌው ይቅርታ ይላል፣ በስምሽ ይቀይርልሻል በሏት። ይህን አስታውሱልኝ።