ሮምን ያየሁባት መስኮት

ሮምን አይቼ መጣሁ ብዬ ልዋሻችሁ? እኔ ያየሁት የአክስቴን ሳሎን ነው! ለቫኬሽን ሦስት ጊዜ ሪኩዌስት አድርጌ፣ ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሳበትን ኮሎሲየም ላይ ብዬ በጥር ከሚኒያፖሊስ ተነሳሁ። ሮም ሠላሳ ዓመት የኖሩት አክስቴ ኤርፖርት ላይ ጋቢ ይዘው ጠበቁኝ። በረዶ የሚባል ነገር የለም፤ እኛ ጋ እንደዚያ ዓይነት ቀን ሲገኝ ሰው በቁምጣ መኪና ያጥባል። “አክስቴ፣ እኔ እኮ መኪናዬን ከበረዶ ውስጥ በአካፋ አውጥቼ ሥራ የምሄድ ሰው ነኝ” አልኳቸው። “የእናንተው ደረቅ ብርድ ነው፤ የዚህኛው አጥንት ይገባል” አሉና ቤት እንደገባን በሩን ቆለፉት። ከዚያማ ሾርባ፣ ዝንጅብል፣ እንደገና ሾርባ። “ነገ ፀሐይ ስትወጣ እንሄዳለን” ይላሉ። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ “የክረምት ፀሐይ ታታልላለች!” እናቴ ጋ ደውዬ ብማጸናት፣ “ያለችሽን ስሚ” ብላ ዘጋችብኝ። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው እኮ!

በአምስተኛው ቀን ወደ ኤርፖርት ስንሄድ ባለታክሲውን ለምኜ በኮሎሲየም በኩል እንዲያልፍ አደረግሁት። ገና ከሩቅ ብቅ ሲል መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ስልኬን ደገንኩ። አክስቴ በላዬ ላይ ተንጠራርተው “ኧረ ንፋስ! ንፋስ ይመታሻል!” እያሉ መስኮቱን ዘጉት። ያነሳሁት ፎቶ ይኸው፣ እዩት። ኮሎሲየም የለበትም፤ የአክስቴ ክንድ ግን ጥርት ብሎ ወጥቷል።