ጎል የማታገባዋ አማካይ

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጋሽ መቀስ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆመው ሳለ ከሰፈራቸው ፋርማሲስት ጋር ተገጣጠሙ። እሳቸው ሁለት የደነዘዙ መቀሶች በጋዜጣ ጠቅልለው ሊያስስሉ እየሄዱ ነበር፤ እሷ ደግሞ አንገቷ ላይ ቢጫ ሻርፕ ጠምጥማ ወደ ስታዲየም።

ጋሽ መቀስን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ መኖሩ ያጠራጥራል እንጂ፣ እንንገረው። ሠላሳ አንድ ዓመት ጸጉር ያስተካከሉ ሰው ናቸው። በእጃቸው ያለፈው ጸጉር ቢጠራቀም ተራራ ይወጣዋል። እሳቸው ወንበር ላይ ሳይቀመጥ የተሾመ ሹም ወይም የተዳረ ሙሽራ በዚያ አካባቢ አይታወቅም። ከዚህ ሁሉ ዝና የሚበልጥባቸው ግን የእህታቸው ልጅ ናት። እናቷ ከሞተችበት ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አሁን ሃያ ስድስት ሞልቷታል፤ ሥራዋም እግር ኳስ ነው። ለጊዜ ማሳለፊያ ሳይሆን በውልና በደመወዝ የምትጫወት ባለሙያ ናት።

“ዶክተር፣ ወዴት ነው?” አሉ ጋሽ መቀስ። ፋርማሲስቷ ዶክተር እንዳልሆነች መቶ ጊዜ ነግራቸዋለች፤ እሳቸው ግን ሰው ማሳነስ አይወዱም።

የቅዳሜው ጨዋታ በዝናብ ምክንያት ለዛሬ መዛወሩንና የእሳቸውን ልጅ ልታይ መሄዷን ነገረቻቸው።

“እንዲያ ነው? ዛሬስ ስንት የምታገባ ይመስልሻል?”

“ማን?”

“የኔዋ ናታ።”

ፋርማሲስቷ ቀልድ መስሏት ሣቀች፤ ጋሽ መቀስ ግን አልሣቁም። “ጋሼ፣” አለች ቀስ ብላ፣ “እሷ እኮ ጎል አታገባም።”

ነገሩ እንዲህ ነበር። የልጅቷ ጨዋታ የሚውለው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ደግሞ የጸጉር አስተካካይ የመከር ቀኑ ነው፤ ጋሽ መቀስ ቤት ያን ቀን የሚሰለፈው ደንበኛ አንድ ሻለቃ ጦር ይሞላል። ስለዚህ ስታዲየም ረግጠው አያውቁም። ከፑድራው ቆርቆሮና ከአልኮሉ ጠርሙስ መሃል የተቀመጠች ሬዲዮ ነበረቻቸው፤ የቶንዶሱ ጩኸት ግን ሌላውን ሁሉ ይውጠዋልና የሚሰሙት የመጨረሻውን ውጤት ብቻ ነው። ቡድኑ ሦስት ካገባ ሦስቱም የእሷ ናቸው፤ ሁለት ካገባ ሁለቱም። በዚህ ስሌት ዘንድሮ ብቻ አርባ ሦስት ጎል አስቆጥረውላታል። ቤት ስትመጣ “አሸነፋችሁ?” ይላሉ፤ “አሸነፍን” ትላለች፤ “ጎበዝ” ይላሉ፤ ወሬው በዚያው ያልቃል።

ይህ ስሌት ወንበሩ ላይ ብቻ ቢቀር ማንንም ባልጎዳ። ነገር ግን ባለፈው ሐሙስ አንድ እንግዳ ሰው ጢሙን ሊላጭ ገብቶ አርባ ሦስቱን ጎል ሰማ። ሰውየው ለሩቅ ክለብ ተጫዋች የሚፈልግ ወኪል ኖሯል። ክለቡ አጥቂ አጥቶ ጨንቆታልና “እንዲህ ከሆነችማ ዘጠኝ ቁጥር ማሊያ ሰጥተን ፊት ላይ እናሰልፋታለን፤ ፎቶዋም በየአደባባዩ ይሰቀላል” አለ። ጋሽ መቀስ ምላጩን እንደያዙ ቃላቸውን ሰጡ። እሑድ ዕለት ልጅቷን ጠርተው ከአሁኑ ክለቧ ጋር ውል እንዳታድስ ከለከሏት። ያሁኑ ክለቧ የሦስት ዓመት ውል አዘጋጅቶ ለዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ቀጥሯታል። ያለ አጎቷ ፈቃድ አንዳች የማታደርግ ልጅ ናትና እሺ ብላ ወጣች።

አውቶቡሱ መጣ። ጋሽ መቀስ የወኪሉን ነገር ገና ሲሳፈሩ ነገሯት። ጋሽ መቀስ መውረድ የነበረባቸው ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ነው፤ ክርክሩ ግን ስድስተኛውንም አሳለፋቸው።

“ጎል ካላገባች ሜዳው ላይ ምን ትሠራለች? ሣር ታጠጣለች?”

“አማካይ ናት፣ ጋሼ። ከተከላካዮቹ ኳስ ተቀብላ ለአጥቂዎቹ ታደርሳለች። ጨዋታው ሲፈጥን ታበርደዋለች፣ ሲተኛ ትቀሰቅሰዋለች።”

“ተላላኪ ናት በይኛ።”

“ታዲያ እኔስ ምንድን ነኝ? ሐኪሙ የጻፈውን ተቀብዬ ለታማሚው አደርሳለሁ። አንድ ቀን መጠኑን ባሳስት ግን የሐኪሙም ዕውቀት የታማሚውም ተስፋ ገደል ይገባል።”

ጋሽ መቀስ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። በክርክር አፋቸውን ያስያዛቸው ሰው እስካሁን አልተወለደም ይባላል፤ የሚሉትም እሳቸው ናቸው። “አንቺ ልጅ፣ ዕውቀትሽን አልነካሁም” አሉ። “ግን ፎቶሽ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ያውቃል? አያውቅም። የኳስ ዕድሜ አጭር ነው፤ በሠላሳ ሦስት ዓመቷ ጉልበቷ በቃኝ ይላታል። ያን ጊዜ ስም ከሌላት ምን ይቀራታል? ስም ያለው ደግሞ ጎል ላይ ነው። እኔ ከሞትኩ በኋላ የት ትወድቃለች ብዬ ነው እንጂ ፎቶው ለኔ ምን ያደርግልኛል።”

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ በሽማግሌው አትሣቅ። ስሌታቸው የተሳሳተ ቢሆንም ሥጋታቸው የአባት ሥጋት ነው። እንዲህ ያለ ሥጋት ሳይመረመር ውሳኔ ሲሆን ግን ልጅን ከምታውቀው ሥራ ነቅሎ ወደማታውቀው ይጥላታል። ፋርማሲስቷም ይህ ስለገባት ድምጿን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ብቻ ለመነቻቸው፦ መጥተው እንዲያዩ።

“ሳልወድ አድርሰሽኛል እኮ” አሉ ጋሽ መቀስ፤ አውቶቡሱ ስታዲየሙ በር ላይ ቆሞ ነበር።

ሲሚንቶው መቀመጫ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ተመልካቹ መቶ ሃምሳ ቢሆን ነው፤ ጋሽ መቀስ በኋላ ሲያወሩት አሥር ሺህ አድርሰውታል። ጨዋታው ሲጀመር ፋርማሲስቷ አንድ ደንብ አወጣችላቸው፦ ለአሥር ደቂቃ ኳሱን ጨርሶ እንዳያዩ፣ ዓይናቸው ከልጃቸው ላይ እንዳይነሣ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች እንደ ቅጣት ቆጠሩት። በሦስተኛው ወደ ፊት ዘንበል አሉ።

“ምን ሆና ነው አንገቷን እንዲህ የምታዞረው?”

“ምን ይመስልዎታል?”

ጋሽ መቀስ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው አንገቱን እንዳያነቃንቅ ሲለምኑ የኖሩ ሰው ናቸውና አንገት ያውቃሉ። ልጅቷ ኳሱ ገና ሌላ ሰው እግር ሥር ሳለ ቀኝ ታያለች፣ ግራ ታያለች፣ ከኋላዋ ታያለች። ኳሱ ሲደርሳት ማሰብ አያስፈልጋትም፤ ወዴት እንደምትልከው ቀድማ ጨርሳለች። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስልሳ አንድ ጊዜ ዞረች፤ ይህ ቁጥር በጋሽ መቀስ አልተጋነነም፣ ፋርማሲስቷም ቆጥራለች።

ሌላም ነገር አዩ። ተከላካይዋ በሁለት ሰው ስትከበብ ዓይኗ መጀመሪያ የሚፈልገው የእሳቸውን ልጅ ነበር። አንድ ጊዜ ደግሞ ልጅቷ ባዶ ቦታ ላይ ለመቆም ሠላሳ ሜትር ያህል እየበረረች ወደ ኋላ ተመለሰች፤ ወደዚያ የመጣ ተጋጣሚ ግን አልነበረም።

“ይኸው! ለምን ሮጠች? ማንም አልመጣም።”

“እሷ ስለቆመች ነው ያልመጡት።”

ድንገት ሕዝቡ ብድግ አለ። ቡድኑ ጎል አግብቷል፤ ተጫዋቾቹ ሁሉ ወደ አጥቂዋ ሮጠው ተከመሩባት። ጋሽ መቀስ በሕይወታቸው ሊያዩት የመጡት የመጀመሪያ ጎል አመለጣቸው፤ ዓይናቸው የነበረው ልጃቸው ላይ ነውና። እሳቸው ያዩት ከዚያ በፊት ያለውን ነው፤ ኳሱን ከተከላካይዋ ተቀብላ፣ አንዴ ነክታ፣ በሁለት ሰዎች መሃል እንደ ክር አሾልካ ስትልከው። ከዚያ ጓደኞቿን እጅ መታ ወዲያው ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ ገና ሲጨፈር እሷ ለአንዷ ቦታሽን ያዢ ብላ በጣቷ ታመለክት ነበር።

“ይህን በሬዲዮ ተናግረውት ያውቃሉ?” አሉ ጋሽ መቀስ።

“ሁልጊዜ ይናገሩታል። የእርስዎ ማሽን ነው የሚጮኸው።”

በዕረፍቱ ሰዓት ጋሽ መቀስ የመጨረሻውን ጥይታቸውን ተኮሱ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ያላት ልጅ ፊት ላይ ብትሰለፍማ ጎሉን እንደ ጎርፍ ታወርደዋለች አሉ። ፋርማሲስቷ ይህን ስትሰማ ሻርፗን ፈታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

“ጋሼ፣ ጉልበቷ የተጎዳው እንዴት እንደሆነ ያውቃሉ?”

እንዴት አያውቁም? ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ዘጠኝ ወር ቤት ተቀምጣለች። ጎል ስታገባ ተሰበረች ብለው ለደንበኛ ሁሉ ያወሩት እሳቸው አይደሉም እንዴ?

“በዚያን ጊዜ የነበረችበት ክለብ አጥቂ አጥቶ ፊት ላይ አሰለፋት” አለች ፋርማሲስቷ። “ማስታገሻዋን ከእኔ ስትወስድ ነው የነገረችኝ። አማካይ ሆና ሜዳው ሁሉ ከፊቷ ነው። እዚያ ግን ጀርባዋን ለጎሉ ሰጥታ ኳስ መጠበቅ ነበረባት፤ አልለመደችውም። ልትዞር ስትል ከኋላ የመጣችውን ተከላካይ አላየቻትም። ያ ወኪል የሚወስዳት ወደዚያው ቦታ ነው። የሚወስዳትም አርባ ሦስት ጎል ታገባለች ብሎ ነው። በአምስተኛው ጨዋታ አንድም ሳታገባ ሲያያት ምን የሚያደርጋት ይመስልዎታል?”

ጋሽ መቀስ ሁለተኛውን አጋማሽ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ጨረሱ። ይህ በታሪክ ተደርጎ የማያውቅ ነገር ነው።

ጨዋታው አንድ ለባዶ አለቀ። ልጅቷ በረዶ ጉልበቷ ላይ አስራ፣ ፎጣ አንገቷ ላይ ጥላ ከመልበሻ ክፍሉ ስትወጣ አጎቷን ኮሪደሩ ላይ አገኘቻቸው። ዳኛ ቢያባርራት ኖሮ እንዲህ አትደነግጥም ነበር።

“ጋሼ! ሰው ታመመ እንዴ?”

“ማንም አልታመመ። ይልቅ ጎል እንደማታገቢ ለምን አልነገርሽኝም?”

ልጅቷ መሬት መሬት አየች። አንድ ቀን ሱቁ በር ላይ ቆማ “ሠላሳ ስምንት” ሲሉ እንደሰማች፣ ቀልድ መስሏት ሄዳ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ቁጥሩ አርባን ተሻግሮ እንዳገኘችው ነገረቻቸው። “ደንበኞችዎ ፊት ላሳፍርዎ አልፈለግሁም” አለች።

“ጉልበትሽንስ?”

“እሱንም ጎል ሳገባ ነው ብለው ነበር። እንዴት አድርጌ ላፍርሰው?”

ከዚያም ልጅቷ ሥራዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ አስረዳቻቸው።

“ጋሼ፣ እኔ ይህን ቦታ ለመልመድ አሥራ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። ውሉ ላይ ሦስት ዓመት ብቻ አይደለም ያለው፤ በየክረምቱ የአሰልጣኝነት ትምህርት ያስተምሩኛል። አማካይ ሆኖ የኖረ ሰው ሃያ ሁለቱንም ተጫዋች ማየት ለምዷል፤ ጉልበቴ ሲደክም ይህ ዓይን አይደክምም። እርስዎ የሚሰጉልኝ ለዚያ ቀን ከሆነ፣ ለዚያ ቀን የሚያበቃኝ ይኼ ነው። ግን ቃል ሰጥቻለሁ ካሉ አልፈርምም።”

ሰዓቱ አሥር ተኩል ሆኗል። ጋሽ መቀስ ስልካቸውን አወጡና የወኪሉን ቁጥር ደወሉ።

“ወንድሜ፣ ሐሙስ ዕለት ጢምህን የላጨሁህ ነኝ። ያን የነገርኩህን ቁጥር ላርምልህ ነው።” ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በእድሜያቸው ሙሉ ቁጥር ሲያሳድጉ እንጂ ሲቀንሱ አልታዩምና አፋቸው አልታዘዝ አላቸው። “አርባ ሦስት ያልኩህ ... ስንት ነው ልጄ?”

“አንድ” አለች ልጅቷ። “እሱም ትከሻዬን ነክቶ ነው የገባው።”

“አንድ ነው፣ ወንድሜ። እሱም ትከሻዋን ነክቶ ነው የገባው። አጥቂ አይደለችም፤ አማካይ ናት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ እሷ የለችበትም።”

ወኪሉ እሱ የሚፈልገው አጥቂ መሆኑንና እውነቱን አስቀድመው ስለነገሩት እንደሚያመሰግናቸው ተናግሮ ዘጋ። ጋሽ መቀስ ላባቸውን በመቀሱ ጋዜጣ ጠረጉና “ሂጂ ፈርሚ” አሉ። ልጅቷ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ጉልበትሽ ላይ በረዶ አለ ብለው ከለከሏት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ እንንገር። ልጅቷ ሦስቱን ዓመት ያለ አንድ ጉዳት ተጫወተች። በሁለተኛው ክረምት የአሰልጣኝነት ምስክር ወረቀቷን አገኘች፤ አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ታዳጊ ሴቶችን ታሠለጥናለች፤ ጫማዋን ስትሰቅልም የሚጠብቃት ሥራ አላት። ሰው በሚያውቀው ሥራ ላይ ሲጸና ጥቅሙ ይህ ነው፤ ቤተሰብም የልጁን ሥራ በወሬ ሳይሆን በዓይኑ ሲያውቅ ምክሩ ምክር ይሆናል። ጋሽ መቀስም አርባ ሁለቱን ጎሎች ደንበኛ ሁሉ በተሰበሰበበት ሰረዙ። ለአንድ ሳምንት ተሣቀባቸው፤ ከሣቁት ውስጥ ግማሾቹ ግን ልጅቷን ሊያዩ ስታዲየም ገቡ።

በቅርቡ አንድ አባት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ልጁን ሲያማ ሰሙት። ዓመት ሙሉ ኳስ ስትራገጥ አንድ ጎል አላገባችም፣ ላስተዋት ነው ይላል።

“የት ቦታ ነው የምትጫወተው?” አሉት ጋሽ መቀስ።

“እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሜዳ ላይ ናታ።”

ጋሽ መቀስ ቶንዶሱን አጠፉ። ግማሽ ራሱ ተላጭቶ ግማሹ ቀርቷል። ፎጣውን ከአንገቱ ላይ ፈቱና ቆብ አቀበሉት።

“ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ አሁን እየተጫወተች ይሆናል” አሉ። “ሄደህ ቦታዋን አይተህ ና። የቀረውን ያን ጊዜ እጨርስልሃለሁ።”