ከካርቶን መከለያው በስተጀርባ

ሰው ሰውን በሸሸበት በዚያ የወረርሽኝ ዓመት፣ በኅዳር ወር አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ጡረተኛው የሒሳብ መምህር ሎርን ሃውገን በአሜሪካዋ ዱሉት ከተማ ውስጥ ካለ አንድ ሱፐርማርኬት ሲወጡ የቀድሞ ተማሪያቸውን ኬርስተንን አገኟት። ኬርስተን በሆስፒታል ነርስ ሆና መሥራት ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። ሎርን የቺፕስ ከረጢቶች ታቅፈው፣ ጭምብላቸውንም አገጫቸው ላይ አውርደውታል።

«ሚስተር ሃውገን፣ ጭምብሉ የተሰፋው ለአገጭዎ ነው እንዴ?»

«አገጬም ይበርደዋል፣ ልጄ!» አሉና ወደ አፍንጫቸው ሳቡት።

«ይሄ ሁሉ ቺፕስስ?»

«ለነገ ነዋ! ጠረጴዛውን ልከፍተው ነው። ስምንት ወር መዘጋቱ በቃ። አንቺም ነይ፣ ወንበርሽ እንዳለ ነው።»

ጠረጴዛው በሎርን ምድር ቤት ውስጥ ነው ያለው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወዳጆቻቸው በየቅዳሜው ከበውት የተረት ጨዋታ ተጫውተዋል። አንዱ ጀግና፣ አንዷ ሌባ፣ ሌላው ጠንቋይ ይሆናል፤ መንገዱንና ዘንዶውን የሚተርኩት መሪው ሎርን ናቸው፤ ዕድልን የሚቆርጠው ደግሞ ባለ ሃያ ፊት ዳይስ ነው፤ ቁጥሩ ከበዛ ይሳካል፣ ካነሰ ይከሽፋል። ሎርን ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ቅዳሜን ይዘው ነው የቆሙት። ብቻውን የሚበላ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ስለዚህ አንፍረድባቸው።

«ሚስተር ኦርቪልስ ይመጣሉ?» አለች ኬርስተን፣ ቀልዷን ትታ።

«ምን ጥያቄ አለው! ‹ጥራኝ ብቻ› ብሎኛል።»

ኦርቪል ወደቡ ላይ ክሬን ሲነዱ የኖሩ የሰባ አራት ዓመት ሰው ናቸው። አንዱን ሳንባቸውን ሐኪም አውጥቶታል።

«ከእርስዎ ሌላ የሚጠራቸው ሰው የለም፤ ከጠሯቸው ይመጣሉ። እንግዲህ ውሳኔው የእሳቸው ሳይሆን የእርስዎ ነው።»

«ትልቅ ሰው ነው እኮ! ለራሱ ያውቃል።»

«በጨዋታው ድልድዩ መበስበሱን የሚያውቀው ማነው? ተጫዋቹ ነው ወይስ መሪው?»

«መሪው ነው።»

«እኔ ደግሞ የበሰበሰውን ድልድይ ሆስፒታል ውስጥ በየቀኑ እያየሁት ነው። ማክሰኞ ዕለት እንደ እሳቸው ያሉ ሽማግሌ እጃቸውን ይዣቸው ነው የሞቱት። ልጃቸው የተሰናበታቸው በስልክ ነው።»

ሎርን አዘኑ። ቢሆንም ሃያ ሁለት ዓመት የዘለቀ ልማድ በአንድ ንግግር አይለቅም።

«በኮምፒውተር ተጫወቱ ልትዪኝ ነው። ሕጋችንን ረሳሽው? ዳይስ ሰው ሁሉ እያየ ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል፤ መሬት የወደቀ አይቆጠርም። ሁሉም ቤቱ ተቀምጦ ‹ሃያ ወጣልኝ› ቢለኝ ማን አየለት? መተማመን የሌለበት ጨዋታ ምኑ ጨዋታ ነው?»

«የእርስዎን ዳይስስ ማን አይቶት ያውቃል?»

«እ?»

«ይኸው ሃያ ሁለት ዓመትዎ፣ ከካርቶን መከለያ ጀርባ ነው የሚጥሉት። እኛ የምናየው ፊትዎን ነው። ግን እናምንዎታለን።»

ሎርን ከረጢቶቹን ወደ ሌላው ክንዳቸው አዛወሩ።

«አንድ ነገር ልንገርዎ» አለች ኬርስተን። «አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ዘንዶው ሌባዬን ሊገድላት ሲል ዳይሱን ጣሉና ‹ሳታት!› አሉ። እርሳሴ ወንበርዎ ሥር ተንከባሎ ላነሳው መጥቼ ስለነበር አየሁት። አሥራ ዘጠኝ ነበር። አልሳታትም።»

«አይተሽ ነበር?»

«አይቻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ያን ቀን እናትሽ አትድንም ተብዬ ነበር የመጣሁት። እርስዎም ሰምተው ኖሯል። ወረቀት ላይ ለተጻፈች ሌባ ብለው የዋሹ ሰው፣ ለሚስተር ኦርቪል ብለው ‹ነገ አትምጣ› ማለት ያቅትዎታል?»

ሎርን ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አስተማርኩሽ ስል አንቺ አስተማርሽኝ። ረታሽኝ፣ ልጄ።»

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሎርን ቺፕሱን በየተጫዋቹ ደጃፍ አስቀምጠው ተመለሱና፣ ሁሉም በየቤቱ ስክሪን ፊት ተሰየመ። ኮምፒውተር የሌላቸው ኦርቪል በስልክ ገቡ። ጀግናቸው የበሰበሰ ድልድይ መሻገር ነበረበትና ዳይሳቸው ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ሲንኳኳ ተሰማ።

«ስንት ወጣ?» አሉ ሎርን።

የኦርቪል አጭር ትንፋሽ ብቻ ተሰማ። ማንም አላያቸውም፤ ያሻቸውን ቁጥር መጥራት ይችሉ ነበር።

«አንድ» አሉ ኦርቪል። «የተረገመች አንድ!»

ሳቁ ለደቂቃ አላባራም። ሎርንም መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ከመከለያው ጀርባ የራሳቸውን ዳይስ ጣሉና አዩት። «ድልድዩ ተሰበረ… ግን ገመዱ ያዘህ!» አሉ። ኬርስተን ስንት እንደወጣ አልጠየቀችም።

ሰውን የሚሰበስብ ሁሉ የሚሰበስባቸው ሰዎች አደራ አለበት፤ አንዳንድ ጊዜ አደራው የሚጠበቀው ባለመጥራት ነው። ሎርን ይህን ስለተቀበሉ ኦርቪል በየቅዳሜው የሚደውልላቸው አላጡም፤ ትንፋሻቸውም አልተቋረጠም። ክትባቱ መጥቶ በሰኔ ምድር ቤቱ ሲከፈት አንድም ወንበር ባዶ አልነበረም። የመጀመሪያውን ዳይስ ኦርቪል ወረወሩ፤ ተንከባሎ መሬት ወደቀ።

«አይቆጠርም!» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ፤ ሎርን ራሳቸው ተንበርክከው አነሱላቸው።