ወንድም ያለበት ኮት

ጎረቤቴ ባለሆቴሉ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ንብረቱን ሁሉ ለአንዲት ልጁ ተናዞ ሲሞት አስፈጻሚ ያደረገው እኔን ነው። ፊደል በቅጡ ያልቆጠርኩትን! በኬንያ በኩል ያለው የሞያሌ ፍርድ ቤት ካራኒ፣ ጸሐፊው ማለት ነው፣ «ሙዜ፣ ሽማግሌው፣ ያለውን ሁሉ መዝግብ፤ አንድ ነገር ቢጎድል ተጠያቂው አንተ ነህ» አለኝ። አማትቤ ሄድኩ። ቤቱ ስደርስ፣ ለቀብር እንኳ ያልመጣው ወንድምየው የሟቹን ኮት ለብሶ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ደረቱን ይደቃል።

«ኮቱን አውልቅና ልመዝግበው» ስለው፣ «አንተ ሰው፣ እግዜርን አትፈራም? ሐዘንተኛ ይገፈፋል?» ብሎ ጮኸብኝ። እኔም ጻፍኩ፤ «ኮት፣ አንድ፤ ወንድም አለበት።»

ካራኒው ዝርዝሩ ሲተረጎምለት ስቆ ስቆ ወንድምየውን አስጠራው። «እዚህ የተጻፈ ሁሉ የልጅቷ ነው። ወይ ኮቱን አውልቅ፣ ወይ አንተም ከነኮቱ የእሷ ነህ» አለው። አወለቀ። ልቅሶውም ከኮቱ ጋር አብሮ ወለቀ።