የእትዬ ከድጃ መተት

(ኮምቦልቻ፣ ከቀትር በኋላ፤ የጅቡቲ መስመር የሲኖትራክ ሹፌሩ ይመር፣ አኩርፋ አክስቷ ዘንድ የገባችውን ሚስቱን ረውዳን ሊጠይቅ መጥቶ በእትዬ ከድጃ ደጃፍ ቆሟል፤ አክስቲቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።)

ይመር፦ መተቱን ይፍቱልኝ አልኩ እንጂ ምስር ይልቀሙልኝ አላልኩም!

ከድጃ፦ አንተ ከምታወራው የምስሩ ጠጠር ይሻላል። እሱ ቢያንስ ጥርስ ይሰብራል።

ይመር፦ እትዬ ከድጃ፣ በትልቅነትዎ አከብርዎታለሁ። ግን ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ አፌን አልይዝም። «የረውዳ ዘመዶች አስመትተውብኛል» እላለሁ። ከዚያ ወዲያ ብፈታት የመተተኛ ዘር ማን እንደሚያገባ አያለሁ!

ከድጃ፦ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ለመሆኑ ምንህ ነው የታሰረው? ምላስህ እንዳልታሰረ ሰፈሩ ይመሰክራል።

ይመር፦ ያው... ወንድነቴ።

ከድጃ፦ ጮክ በል እንጂ፤ ጎረቤቶቼ ጆሯቸው ከብዷል።

ይመር፦ ኧረ በአላህ! ቀስ ይበሉ!

ከድጃ፦ አሁን ነው ቀስ? ረውዳን እናትህ ፊት «በረዶ ነሽ፣ ማገዶም አያሞቅሽ» ስትላት ቀስ ብለህ ነበር? ልጅቱ የመጣችው አልጋው ቀዝቅዞባት እንዳይመስልህ። ብርዱን እሷ ላይ ስለላከክህ ነው።

ይመር፦ ማስረጃ አለኝ! ይኸው፣ ከፍራሻችን ሥር ያገኘሁት፤ በጥቁር ፌስታል የተቋጠረ። መኪና ውስጥ ሳስገባው ሞተሩ አልነሳም አለ። «ቢስሚላሂ» ስል ጎማዎቹ አንድ ላይ ተነፈሱ። ወላሂ፣ አንድ ላይ!

ከድጃ፦ ወዲህ በለው።

ይመር፦ እንዳይፈቱት! የፈታው ሰው እኮ...

ከድጃ፦ ፈታሁት። ገረባ ነው። የጫት እንጨት። አንተው ቅመህ፣ ሚስትህ እንዳታይ አንተው ደብቀህ፣ አንተው ረሳኸው፤ አሁን ደግሞ አንተው በረገግህ።

ይመር፦ ...የእኔ ነው እንዴ?

ከድጃ፦ የእኔማ ጥርስ ለቆሎም አልበቃ። እንቅልፍ ያጣ ጭንቅላት እንዲህ ነው፤ የደበቀውን ይረሳል፣ የረሳውን ይፈራል። መቼ ነው የተኛኸው አንተ?

ይመር፦ እንቅልፍ የዶሮ ነው! እኔ ዓይኖቼን በየተራ ነው የማስተኛቸው። ከጋላፊ እስከ ሚሌ ቀኙ ይተኛል፣ ግራው ይነዳል። ሚሌ ላይ ይቀያየራሉ። አንዴማ ጅብ ከጎኔ እየሮጠ መስኮቱን አንኳኩቶ «ወንድሜ፣ አንተ ግን ቤት የለህም?» አለኝ።

ከድጃ፦ ጅብ እንኳ አዝኖልሃል። ዓይንህስ ተራ ደረሰው፤ ከወገብህ በታች ላለው ተራው የት ነው የሚደርሰው? ባቲ?

ይመር፦ ይሳቁብኝ፣ ግድ የለም። ሐኪም ዘንድ ሁሉ ሄጃለሁ እኮ።

ከድጃ፦ እና ምን አለህ?

ይመር፦ ጢም እንኳ ያላበቀለ ልጅ ነው። «የወንድ ሆርሞን የሚሞላው ሌሊት ስትተኛ ነው፤ ጠዋት ሙሉ ይሆናል፣ ወደ ማታ ይጎድላል። ሌሊት እየነዳህ፣ ቀን እየቃምህ ከየት ይምጣ?» አይለኝም? ሌሊት ተጋግሮ ጠዋት የሚወጣ! ሆርሞን ነው ወይስ ዳቦ?

ከድጃ፦ ዳቦ ቢሆንማ አንተ ዘንድ ዱቄቱም የለ። ከዚያስ?

ይመር፦ ከዚያማ «ደህና አድርገህ እየተኛህ ሰንብት፤ ተኝተህ አድረህ በጠዋት ደም ልትሰጥ ና» አለኝ። እኔ ሞኝ ነኝ? እንቅልፍ ጥሎኝ ጠዋቱ ቢያመልጠኝስ? መኪናዬን ክሊኒኩ በር ላይ አቁሜ ስቅም አደርኩ። ዘበኛው ሲከፍት አንደኛ እኔ! ፀሐይዋ ራሷ ከኋላዬ ነው የተሰለፈችው!

ከድጃ፦ ያ ረቢ! ተኝተህ ና ቢሉህ «ና» የምትለዋን ብቻ ሰማህ። ውጤቱስ?

ይመር፦ ሆርሞኑ ወለል ላይ ወርዷል። ስለዚህ መተት ነው።

ከድጃ፦ «ስለዚህ»! ትምህርት ያቋረጥከው እዚያች ቃል ላይ ሳትደርስ መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ ምንም አላለህም?

ይመር፦ ሳቀ። ከዚያ «በል አሁን የምርህን ተኝተህ ና» አለኝ። ግን እትዬ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ፤ ወንድ ልጅ ሰው ፊት ቆሞ «ተኝቼ ዳንኩ» ይላል? መናኸሪያው በሙሉ ፍራሽ አንጥፎ ነው የሚጠብቀኝ! መተት ሲሆን ግን ክብር አለው። ጠላት ያለው ሰው፣ ሰው ነው።

ከድጃ፦ እንዲህ ነው ነገሩ? እንግዲያ ቅረብ። ያሰርኩህ እኔ ነኝ።

ይመር፦ ብዬ ነበር! ብያለሁ እኮ! ማን ነው እብድ ያለኝ?

ከድጃ፦ እብድስ ነህ፤ ግን የታሰርክ እብድ ነህ። የእህቴን ልጅ ስታዋርዳት በግራ እጄ አሰርኩህ። አፈታቱ ደግሞ ከባድ ነው፤ ስንቱ ጎረምሳ ጀምሮት አቅቶታል።

ይመር፦ እኔን ያቅተኛል? ጥቁር በግ ነው? የግመል እንባ? አሳይታ ወርጄ ግመሏን አስለቅሳታለሁ!

ከድጃ፦ ግመሏን ተዋት፤ አንተን ማየቷ ይበቃታል። ኢሻ ሰግደህ መብራት ታጠፋለህ፣ ትጋደማለህ። አንዲት ቃል ከተነፈስክ ፈረሰ። ስልክህ እኔ ዘንድ ያድራል፤ ብርሃኑ ዓይንህን ከነካው እንደገና ትታሰራለህ። ሱብሒ ላይ ተነስተህ ደጅ ውጣና ፀሐይዋ ትይህ። ቅጠሉንም ተወው፤ ድግምቱ የተቋጠረው በእሱ ነው።

ይመር፦ መኪናውስ? እኔ የሌሊት ሹፌር ነኝ።

ከድጃ፦ መተት የሚፈታ ሰው መሪ በጨረቃ አይጨብጥም። ከቀን ሹፌሮቹ ጋር ተለዋወጥ። ጨረቃ ሞልታ እስክትጎድል እንዲህ አድርግና፣ ተኝተህ አድረህ በጠዋት ደምህን ስጥ።

ይመር፦ ቀላል ነው! ...ረውዳስ?

ከድጃ፦ ረውዳ ዓርብ ሽማግሌዎቹ ፊት «ጥፋቱ የእሷ አይደለም» ስትል በጆሮዋ ትሰማለች። ከዚያ መመለስ አለመመለሱን ራሷ ታውቃለች። ያን ካላልክ መፍቻው አይሠራም፤ ቋጠሮው ጭራሽ ይጠብቃል።

ይመር፦ እላለሁ! «ታስሬ ነው፤ እሷ የለችበትም» እላለሁ። የእርስዎን ስም ግን አላነሳም፤ ሰው ነኝ።

ከድጃ፦ አንሳው። እኔ አሮጊት ነኝ፤ ማን ያገባታል ብለህ አታስፈራራኝም።

ይመር፦ ቆይ ግን... ጨለማ፣ ያለ ስልክ፣ ያለ ጫት፣ ሌሊት መተኛት፣ በጠዋት ደም... እትዬ፣ ያ ሐኪምም ያለኝ እኮ ይህንኑ ነው! አንድ ሳይቀር!

ከድጃ፦ እሱንስ የላከው ማን መሰለህ? ስልክህን አስቀምጥና ሂድ፣ ተኛ።